የኦስካር ለቅሶ

ባለፈው ሳምንት ንግድ ፈቃዴን ላሳድስ ወረዳ ሄጄ ነበር። ፈቃድ ማሳደስ ማለት ተራ መያዝ ነው፤ ተራ መያዝ ማለት ደግሞ ወንበር መፈለግ ነው። ወንበር ያለው አሮጌው አዳራሽ ውስጥ ነው አሉኝና ገባሁ። እግሬ ገና ደፉን ሲያልፍ አንድ ሽታ ያዘኝ፤ የሞቀ ፕላስቲክ፣ አቧራ፣ ከጓሮ በመስኮት የሚገባ ናፍጣ። ጄኔሬተሩ እየሠራ ነበር። እኔ ማር አሽትቼ ብቻ ስኳር የተቀላቀለበትን የምለይ ሰው ነኝ፤ አፍንጫዬ አይሳሳትም። ሽታው የሰባተኛ ክፍል ዓመቴ ነበር።

ጸሐፊዋ ስሜን ጠርታ አልሰማኋትም አሉ፤ ተራዬ አለፈ። እንግዲህ ተራ ካለፈ ወዲያ ሰው ምን ይሠራል፤ ተቀምጦ ያስታውሳል።

አገሬ ኒሯቅ ነው፣ አበርገሌ። ቆላ ነው። ሲያዩት ለፍየል እንጂ ለሰው የተሠራ አይመስልም፤ እኛ ግን እንኖርበታለን። አባቴ ሁለት ሴት ልጆች ነበሩት፤ እኔ ትርፌና ታላቄ እታገኝ። ፍየሎቹ ሰባ ነበሩ። ሁለታችንም ተማሪ ቤት ከሄድን የሚጠብቃቸው የለም፤ ስለዚህ አንዳችን መቅረት ነበረብን። እንዴት እንደተወሰነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ዕጣ አልተጣለም፣ ሽማግሌ አልተቀመጠም። እታገኝ አራተኛ ክፍልን እንደጨረሰች አንድ ቀን ጠዋት ደብተሯን ለኔ ሰጥታ በትሯን አነሳች። ደብተሩ ከኋላ ያልተጻፈበት ስምንት ገጽ ቀርቶት ነበር።

ስድስተኛን ስጨርስ አባቴ ሰቆጣ ይዞኝ ወጣና ለአጎቱ ለየኔታ ክንፈ አስረከበኝ። የኔታ ቅኔ መምህር ነበሩ። አጭር፣ ቀጭን፣ ድምፃቸው ግን ከሰውነታቸው በእጥፍ የሚበልጥ። ስንቱን ተማሪ ያሳደጉ ሰው ሴት ልጅ በቤታቸው አሳድረው አያውቁም። እኔን ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና ለአባቴ እንዲህ አሉት፤

«እስከ ፋሲካ ልያት። ሰው ከሆነች ትቆያለች። ካሳፈረችኝ በመጣችበት አይሱዙ ትመለሳለች።»

አባቴ እርስዎ ያሉት ይሁን ብሎ ጉልበታቸውን ስሞ ሄደ። እኔን የጠየቀኝ የለም። ዛሬ «ካልተሸጠ እመልሳለሁ» ብዬ ዕቃ ስረከብ ያ ቀን ትዝ ይለኛል፤ የዕቃውን ሆድ አውቀዋለሁ። እኔ ከተመለስኩ ደግሞ ኪሳራው የኔ ብቻ አልነበረም። እታገኝ የቀረችው እንዲያው በከንቱ ሆነ ማለት ነው።

ሥራዬ ውሃ ከቦኖ መቅዳት፣ የመጻሕፍቱን አቧራ ማራገፍና የኔታ ወደ ሰው ቤት ሲሄዱ የእንጨት ወንበራቸውን ተሸክሞ መከተል ነበር። የኔታ በሰው ወንበር አይቀመጡም። የሰው ወንበር ይሉኝታ አለው፣ ቶሎ ያስነሳል ይላሉ።

በዚያው ዓመት እንግሊዝኛ የሚያስተምረን ቲቸር ሙሉጌታ አንድ ነገር አመጣ። በዚሁ በወረዳው አዳራሽ ውስጥ ሹማምንቱ ከባሕር ዳር ጋር እየተያዩ የሚሰበሰቡበት ትልቅ ስክሪን ነበር። ቲቸር ከየት እንዳገኛቸው እንጃ፣ ኖርዌይ የሚባል አገር ካሉ ተማሪዎች ጋር በዚያ ስክሪን እንድንገናኝ ተጻጽፎ፣ አስፈቅዶ፣ ለምኖ ጨረሰ። በየአሥራ አምስት ቀኑ ሐሙስ፣ ግማሽ ሰዓት፣ ስብሰባ ከሌለ። ወረዳ ላይ ስብሰባ የሌለበት ሐሙስ ማግኘት በጥር ዝናብ እንደማግኘት ነው፤ ቲቸር ግን አገኘ።

የአዳራሹ ጥበቃ አያ ጌጡ ነበር። ቁልፉም፣ ጄኔሬተሩም በእጁ ስለሆነ ስክሪኑን የወለደው ይመስለው ነበር። መጀመሪያ ቀን በር ላይ አሰልፎ አስጠነቀቀን። እንዳትነኩት፣ ተጠግታችሁ አንገታችሁን እንዳታስገቡ፣ ወደዚያ የገባ አንገት አይመለስም አለ። እኔ አመንኩት። ስሙንም ያን ቀን «መስኮቱ» አልነው። መስኮት ከሆነ ሽታም ያሳልፋል ብዬ ጠዋት እግሬን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥቤ ነበር የሄድኩት፤ የሚታየው ከደረት በላይ መሆኑን የነገረኝ የለም።

መስኮቱ ሲበራ ሃያ የሚሆኑ ልጆች ታዩ። ከኋላቸው ያለው የእውነተኛው መስኮት ጨለማ ነበር። ለኛ ረፋድ ላይ ነው፣ ለነሱ ድቅድቅ ጨለማ። ቲቸር በነሱ ክረምት ፀሐይ አትወጣላቸውም ብሎ አስረዳን። እኛ ግን ተንሾካሹከን የራሳችንን ፍች አገኘን። ቀን ሥራ ይውላሉ፣ የማታ ተማሪዎች ናቸው። አዘንንላቸው።

ቲቸር እያንዳንዳችሁ ሰላም በሉ አለ። ስህተቱ እሱ ጋ ነው። አርባ ሁለት ነበርን። ሰላም ማለት ደግሞ በኛ አገር አንድ ቃል አይደለም። የመጀመሪያው ልጅ ተነሳና እንዴት ናችሁ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ከብቶቹ እንዴት ናቸው፣ አዝመራው እንዴት ነው አለ። የቻለውን በእንግሊዝኛ፣ ያቃተውን በእጁ። ሁለተኛውም ያንኑ። የመጀመሪያው ጠይቆታልና ይበቃል ብሎ ነገር የለም፤ እኔ ሳልጠይቅ እንዴት ብዬ ልቀመጥ። ኖርዌዮቹ አርባ ሁለት ጊዜ ደኅና ነን አሉ። መጨረሻ ላይ ከብት የሌላቸው ሁሉ ከብቶቹ ደኅና ናቸው ማለት ለምደው ነበር። ከዚያ ግማሽ ሰዓቱ አለቀና መስኮቱ ጠፋ።

እቤት ስገባ የኔታ ምን ተማራችሁ አሉኝ።

«ደኅና ናቸው የኔታ።»

«ከብቶቹስ?»

«ደኅና ናቸው።»

«ትምህርት ማለት ይኼ ነው» አሉ። ማሾፋቸው ይሁን ቁም ነገር በሳቸው ፊት ላይ አይለይም።

መስኮቱን ግን አልወደዱትም። ሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባም፣ በመስኮት የሚገባ ደግሞ ሌባ ነው ይሉ ነበር። እስከ ፋሲካ የምታይ ዕቃ ስለሆንኩ አልተከራከርኩም።

በሁለተኛው ሐሙስ ጥንድ ጥንድ ሆንን። ለኔ የደረሰችኝ ኢንግሪድ ነበረች። ፀጉሯ የገብስ ጭድ፣ ጥርሷ ላይ ሽቦ የታሰረ። እንግሊዝኛ ለሷም ለኔም የውሰት ልብስ ነበር፤ እጅጌው ለሁለታችንም ይረዝማል። ስለዚህ ቀስ ብለን እንነጋገር ነበር፣ ተግባባንም። እያንዳንዱ ከአገሩ አንድ ነገር ያሳይ ተብሎ ነበርና እኔ ነጭ ማር ከነሰፈፉ በሰሃን አሳየሁ። እሷ ቡናማ፣ አራት ማዕዘን ነገር አወጣች። ቁርጥ የልብስ ሳሙና። ከላዩ በቢላዋ ስስ አድርጋ ላጠችና በላችው። ከኋላዬ አንዷ ቀስ ብላ «ቸግሯቸው ነው» አለች። ቲቸር አይብ ነው ብሎ ቢምልም ግማሾቻችን አላመንም። ጾመ ነቢያት ስለነበር ሳሙና ቢሆን ይሻላቸዋል፣ ቢያንስ ጾም አያስፈታም ተባባልን።

ቀጥሎ ቤተሰብ ተነጋገርን። እኔ አባት፣ እናት፣ እታገኝ አልኩ። ኢንግሪድ በጣቷ እየቆጠረች፣ ቤታችን ውስጥ አራት ነን አለች፤ እናቴ፣ አባቴ፣ እኔ፣ ኦስካር።

ኦስካር ስንት ዓመቱ ነው አልኳት። አሥራ አራት። ስንተኛ ክፍል ነው አልኳት።

በመስኮቱ ማዶ ያለው ክፍል በሙሉ ሳቀ። እሷም ሳቀች። ኦስካር ተማሪ ቤት አይሄድም፣ ተራራ ላይ ከአባቴ ጋር በጎች ይጠብቃል አለችኝ።

እኔ አልሳቅሁም። ያን ሳቅ አውቀዋለሁ። ሰቆጣ ስመጣ እኅቴ ፍየል ጠባቂ ናት ስል የሰማሁት ሳቅ ነው። የእታገኝን ደብተር አውጥቼ ከስምንቱ ገጽ በአንዱ ላይ ጻፍኩ፦ «ኦስካር። 14። በግ ጠባቂ። ያልተማረ።» እዚያም እንዲህ ነው ለካ። መብራት የማይጠፋበት አገር፣ ጥርስ በሽቦ የሚታሰርበት አገር፣ ሁለት ልጅ ብቻ ያለበት ቤት፣ አንዱ እንዲማር አንዱ ከከብት ጋር ይቀራል። በሰው ችግር መጽናናት ኃጢአት ነው ይላሉ። እኔን ግን አጽናንቶኝ ነበር፤ የነበረውን ነው የምናገረው።

እታገኝ በወር አንዴ የሚሸጥ ፍየል ይዛ በአይሱዙ ትወጣ ነበር። ያን ቀን ፍየሎቹን አባቴ ይጠብቃል። ገበያ ላይ አግኝቼ ስለ ኦስካር ነገርኳት። ሰምታ ስታበቃ፣ በጎቹ ስንት ናቸው አለችኝ። አልጠየቅሁም አልኳት።

«ዋናውን ሳትጠይቂ ምን ልትማሪ ሄድሽ?» አለች። በሚቀጥለው ጠይቂልኝ፣ ለብቻው እንደሆነም ጠይቂ አለችና ፍየሏን ጎትታ ሄደች።

ገና አልፎ በመጣው ሐሙስ ጥያቄዬን ይዤ ስቀመጥ የኢንግሪድ ወንበር ባዶ ነበር። አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ ተነስታ ነገረችኝ። ኢንግሪድ እቤት ናት፤ ታለቅሳለች፤ ኦስካር ታሞ ነበር፤ ሰኞ ዕለት ሞተ።

ቲቸር ሙሉጌታም ሰምቷል። ባለፈውም ከኋላዬ ቆሞ ነበርና ኦስካር ማን እንደሆነ እኔ የማውቀውን ያህል ያውቃል። በሁላችንም ስም አዝነናል አለና መስኮቱ ከሰዓቱ በፊት ተዘጋ።

እቤት ስደርስ የኔታ ደጅ ተቀምጠው ብርዕ እየቀረጹ ነበር። ነገርኳቸው። ቢላዋቸውን ዘርግተው እንደያዙ ቀሩ።

«መቼ ነው የሞተው?»

«ሰኞ።»

«ዛሬ ሐሙስ ነው። ማን ደረሰላት?»

«ሩቅ ነው የኔታ። ማንም።»

«አርባ ሁለት ሆናችሁ ደኅና ናችሁ ወይ ስትሉ ሩቅ አልነበረም» አሉ። «ደኅንነቱን ጠይቆ ሞቱን ዝም የሚል ጎረቤት ምን ይባላል?»

ቲቸር ይጠራ አሉ። ቲቸር መጣ። ለቅሶ ይደረሳል፣ አሥራ ሁለተኛው ቀን ሳያልፍ፣ እኔም እመጣለሁ አሉ የኔታ። ቲቸር ወረዳ ሄዶ የኔታ ያሉትን እንዳለ ተናገረ። ለዓርብ የተጠራ ስብሰባ ነበር፤ ተራዘመ። ለለቅሶ የማይራዘም ስብሰባ እኛ አገር አልተጠራም። ማዶ ላሉት ደግሞ ዓርብ ልንጎበኛችሁ እንፈልጋለን ብሎ ጻፈላቸው፤ ስለ ምን እንደሆነ አልገለጸም። ለቅሶ ሊደርስ የሚመጣ አስቀድሞ ያስታውቃል እንዴ።

የኔታ ለኔ ያሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ወሬውን ያመጣሽው አንቺ ነሽ። ከፊት ትቀመጫለሽ።»

ዓርብ ወንበራቸውን ተሸክሜ ተከተልኩ። ሴቶቹ ነጠላችንን አዘቅዝቀናል። የኔታ ሁለት ቄሶች አስከትለዋል። የሰፈር ለቅሶ የማያመልጣቸው ሦስት እናቶችም ሰምተው መጥተዋል፤ ንፍሮ በመሶብ ይዘው። ንፍሮው በመስኮቱ እንደማይገባ ሲነገራቸው ቅር አላቸው። በኋላ እኛው በላነው። አያ ጌጡ ባርኔጣውን አውልቆ በር ላይ ቆመ።

መስኮቱ በራ። ልጆቹ እጃቸውን አውለበለቡልን። ማናችንም አላውለበለብንም። ለቅሶ ቤት ገብቶ ሰው ምን ያደርጋል፤ ይቀመጣል፣ ዝም ይላል። ተቀመጥን፣ ዝም አልን። የነሱ እጅ ቀስ በቀስ ወረደ። ዝምታው ሲረዝም መምህራቸው ምስላችን የቆመ መስሎት ማሽኑን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። አንዷ እናት ስታስነጥስ ነው በሕይወት መኖራችንን ያወቀው።

ኢንግሪድ ከፊት ነበረች፤ ዓይኗ ያበጠ። የኔታ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ተነሡ።

«ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ወንድምሽን ነፍስ ይማር። ሩቅ ሆነን ነው የዘገየነው፤ አትቀየሚን።»

ቲቸር ተረጎመ። ኢንግሪድ ግራ ቀኝ አየች። ወንድም የለኝም አለች። ከዚያ የሆነ ነገር የገባት መሰለኝ፤ ጎንበስ ብላ ከቦርሳዋ ፍሬም ያለው ፎቶ አወጣችና ወደ መስኮቱ አስጠጋችው።

ውሻ ነው። ጥቁርና ነጭ፣ ምላሱን ያወጣ። ዱቄት የተነሰነሰበት በሚመስል ነጭ ሜዳ ላይ ቆሟል፤ ከኋላው በጎች።

ከእናቶቹ አንዷ «ውሻ ነው እንዴ?» አለች፣ በጣም በቀስታ። አያ ጌጡ ባርኔጣውን መልሶ ደፋ። ከኋላ አንዱ ሳቁን በአፍንጫው ለቀቀው። በኛ አገር ውሻ ደጅ ያድራል፤ አጥንት ይጣልለታል፤ ከቤተሰብ ጋር አይቆጠርም። ውሻ ብለህ የሰደብከው ሰው በሽማግሌ እንጂ አይታረቅህም። እኔ የተከበሩ የቅኔ መምህር አምጥቼ፣ በሁለት ቄስ ፊት፣ ለውሻ ነፍስ ይማር አስብያለሁ። መሬቱ ተሰንጥቆ እንዲውጠኝ ጠበቅሁ። ሲሚንቶ ነው፤ አልተሰነጠቀም። አይሱዙው ብቻ ታየኝ፤ የኋላው በር ተከፍቶ።

የኔታ ቆመው ፎቶውን አዩ። ቀጥሎ እኔን አዩ።

«ኦስካር ይኼ ነው?»

«ይመስለኛል የኔታ።»

«ስንት ዓመት ጠበቀ አልሽኝ?»

«አሥራ አራት።»

ወደ መስኮቱ ዞሩ። ኢንግሪድ ታለቅስ ነበር። በፊት ያለቀሰችው ለብቻዋ መሆኑ ያስታውቃል። አሁን የምታየው እኛን ነው፤ የተደረደረውን ነጭ ነጠላ፣ የተዘቀዘቀውን ጥለት፣ መሶቡን። የኔታ ወደ ወንበራቸው ተመልሰው ተቀመጡ። የተቀመጠ አልሄደም ማለት ነው። ለቲቸር እንዲህ አሉት፤

«‹ነፍስ ይማር› ያልኩትን መልሰው። ሌላው ባለበት ይቆይ።»

ቲቸር ተቸገረ። የተተረጎመ እንዴት እንደሚመለስ ኮሌጅ አላስተማሩትም።

«ደግሞ እንዲህ በላት» አሉ የኔታ። «አሥራ አራት ዓመት ሙሉ የጠበቀ ሲሞት ቤት ይጎድላል። ደሞዝ እየበላ ይኼን ያህል የጠበቀ ሰው በዚህ ወረዳ አላውቅም።»

አያ ጌጡ በር ላይ አሳለው።

ቲቸር ያን ሲተረጉም የማዶው መምህር ብድግ አለ፤ ልጆቹም ተነሡ። ኢንግሪድ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ አመሰገነች። እዚህ ሁሉም ውሻ ብቻ እኮ ነው ይሉኛል፣ ለቅሶ የመጣ እናንተ ናችሁ አለች። ቀሪውን ጊዜ ዝም ብለን ተቀመጥን። እኔ እስከ ዛሬ ከዚያ የሚሻል ለቅሶ አልተቀመጥኩም፤ ያን ዕለት ግን እንደዚያ አልታየኝም።

ስንመለስ የኔታ ከፊት ሄዱ፣ እኔ ወንበራቸውን ተሸክሜ ከኋላ። ወሬው ቀድሞን ነበር። ቦኖው ጋ የተሰለፉት ልጆች «የውሻ አልቃሾች» አሉን። እቤት ስገባ ልብሴን በፌስታል አሰርኩና ላዩ ላይ ተቀመጥኩበት። አይሱዙው ነገ ነው የሚወርደው። የኔታ መጥተው አዩኝ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«ልብሴ ነው።»

«ማን ሂጂ አለሽ?»

«አሳፍሬዎታለሁ።»

ወንበራቸውን ስበው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ። «አንድ ነገር አስረጂኝ» አሉ። «በግ ይጠብቃል አለችሽ። አይማርም አለችሽ። ስትጠይቂያት ሳቁ። ይኼ ሁሉ ተነግሮሽ ውሻ እንዴት አልመጣልሽም?»

«እታገኝ ናት የመጣችልኝ።»

ጥምጣማቸውን ነካ ነካ አደረጉ። ቅኔ ሲጠፋባቸው እንዲያ ያደርጋሉ።

«እሷ ስንት ዓመቷ ነው?»

«አሥራ ስድስት።»

«ፍየሎቹስ?»

«ሰባ።»

«ለብቻዋ?»

«ለብቻዋ።»

ከውጭ የቅኔ ተማሪዎቹ ድምፅ ይሰማል፤ አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይነጥቀዋል።

«ፌስታሉን ፍቺው» አሉኝ ሲነሡ። «የሞተውን ጠባቂ ጠይቀናል። ያለችው ስትመጣ አምጪያት።»

ለአባቴም በሹፌሩ ላኩበት። በሚቀጥለው ገበያ ልጅቱ እዚህ ሁለት ቀን ትቆያለች፤ ፍየሎችህን ራስህ ጠብቅ።

እታገኝ በየካቲት መጣች። ፀጉሯን እንኳ ሳታስተካክል፣ ፍየል ፍየል እየሸተተች አዳራሹ ገባች። አያ ጌጡ ተማሪ አይደለችም ብሎ በሩ ላይ ሊያቆማት ሞከረ። የኔታ ወደሱ ዞር አሉ፤ ሌላ ምንም አላደረጉም፤ በሩ ሰፋ። የተሸከምኩትን ወንበር ከፊት ሳስቀምጥ የኔታ አልተቀመጡበትም። ለእታገኝ አመለከቷት። በዚያ ወንበር ሌላ ሰው ሲቀመጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ማዶ፣ ከልጆቹ በስተኋላ ያለው መስኮት ብርሃን ሆኖ ነበር። የቀን ተማሪ ሆኑ ማለት ነው አልን።

እታገኝ አማርኛ ትችላለች፤ ስለ ፍየል በቁም ነገር ሲወራ ግን የአገራችን ቋንቋ ኽምጣኛ ነው የሚቀናት። እሷ በኽምጣኛ ትናገራለች፣ እኔ ወደ አማርኛ፣ ቲቸር ወደ እንግሊዝኛ፣ የማዶው መምህር ለደካሞቹ ወደራሳቸው ቋንቋ። ቃሉ ሦስት ወንዝ ተሻግሮ ይደርስና መልሱ ያንኑ መንገድ ይመለሳል። እታገኝ አልቸኮለችም። ከሰላምታው በኋላ፣ እሱም ሳያጥር፣ ጥያቄዋን ጠየቀች። ኦስካር ስንት በግ ይጠብቅ ነበር?

ስልሳ፣ አለች ኢንግሪድ።

«ለብቻው?»

ከአባቴ ጋር።

እታገኝ ራሷን ነቀነቀች። ስልሳ ለሁለት ደኅና ነው፣ እኔ ሰባ ነው የምጠብቀው፣ ለብቻዬ አለች። ኢንግሪድ ከባዱ ነገር ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። እታገኝ አሰበች። ጠዋት ሰባ ከሆኑ ማታም ሰባ መሆን አለባቸው፣ ሌላው ቀላል ነው አለች። የኢንግሪድ አባት እንደዚያው ይላል ተባለ። ጥያቄዋ ቀጠለ፤ ኦስካር ጆሮው እንዴት ነበር፣ ቀበሮ ያሳድዳል ወይስ ይጮኻል፣ ቡችላ ተክቷል ወይ። እኔ እስከዚያ ድረስ በእንግሊዝኛ የተማርኩት ሁሉ የማያስፈልግ መሆኑ ያን ቀን ገባኝ። ሥራ የሚያውቅ ከሥራ አዋቂ ጋር ሲነጋገር አስተርጓሚ የሚያስፈልገው ለወጉ ነው።

ከዚያ ከማዶ አንድ ልጅ እጁን አወጣና እሷ ስንተኛ ክፍል ናት አለ።

አማርኛው እጄ ላይ ቆሞ ቀረ። ወደ ኽምጣኛ አልመልሰውም ብዬ አሰብኩ። እታገኝ ግን እንግሊዝኛውን ባትሰማም የቲቸርን አማርኛ ሰምታለች። ለመጀመሪያ ጊዜ በአማርኛ መለሰች፤

«አራተኛን ጨርሻለሁ። የቀረው ደብተሬ እሷ ጋ ነው» አለችና በአገጯ ወደኔ አመለከተች።

ወንዙን ሁሉ ተሻግሮ ደረሰ። ጠበቅሁ። ማንም አልሳቀም። የኔታ መቋሚያቸውን ይዘው ከኋላዋ ቆመው ነበር።

ፋሲካ መጣ፣ አለፈ። ስለ ውሉ ማንም አላነሳም፤ ዝም ያሉትን ውል እኔ ምን በወጣኝ አነሳለሁ። ክረምት ሲገባ ቲቸር ተዛወረ፣ ጄኔሬተሩም ተበላሸ። መስኮቱን ሹማምንቱ መልሰው ወሰዱት፤ ደኅና ናችሁ ወይ ሲባባሉበት ግን ሰምቼ አላውቅም።

ይኼን ሁሉ እያሰብኩ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ስልኬ ጠራ። እታገኝ ናት፣ ከኒሯቅ፣ በቪዲዮ። እሷ ከታች ፍየል ትገዛለች፣ እኔ ከላይ እሸጣለሁ፤ ኔትወርክ በሰጠን ቀን ዕቃውን እንዲህ ነው የምታሳየኝ። ስልኩን ወደ አንዱ ሙክት አፍ አስጠግታ ጥርሱን ልታስቆጥረኝ ስትል ከኋላዋ ውሻ ጮኸ።

«ኦስካር፣ ዝም በል» አለችው። ስንተኛው ኦስካር እንደሆነ አላውቅም። ኒሯቅ ውስጥ ዛሬ በዚያ ስም የሚጠራው ውሻ ብዙ ነው፤ ስሙ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ጎረቤት ግን የለም።

ጸሐፊዋ እንደገና ስሜን ጠራች። አሁን ሰምቻታለሁ። እጄን አንስቼ ትንሽ ይታገሡኝ አልኳት፤ ገና ከብቶቹ ደኅና መሆናቸውን አልጠየቅሁም።